በቆሎው እየተበላ መሆኑን ያውቃል፤ ችግሩ ሌላ ነው

ጥያቄህን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ጅማ አካባቢ ጓሮህ ውስጥ በቆሎና ጎመን አለህ። በቆሎው ተምች ገብቶበት ከመሃሉ እየተበሳ ነው፤ ጎመኑም ወንፊት መስሏል። እናትህ አመድ ይነሰንሱበታል። አንተ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጠየቅህ፦ «ተክል ነርቭ የለው፣ አንጎል የለው። እየተበላ መሆኑን ያውቃል ወይ? የሚያውቅ ከሆነስ ለምን ዝም ብሎ ይበላል?»

ያውቃል። ዝም ብሎም አይበላም። ያንተ በቆሎ የገጠመው ጠላት ግን ትጥቅ ማስፈታት የተካነ ነው። ይህን በሞለኪውል ደረጃ ላስረዳህ ስል ረዘም ሊልብኝ ነው፤ ቡና አስፈልተህ አንብበው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከምራቅ ልጀምር። መቀስ ወስደህ የበቆሎ ቅጠል ብትቆርጥ ተክሉ መቆረጡን ይረዳል፤ ምላሹ ግን ለዘብ ያለ ነው። እዚያው ቁስል ላይ ከትል አፍ የወጣ ፈሳሽ ጠብ ብታደርግበት ነገሩ ይለወጣል። ተክሉ ልክ ትል እንደበላው ሆኖ ይነሳል። በ1997 በፍሎሪዳ፣ ጌይንስቪል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚያ ፈሳሽ ውስጥ ቀስቃሹን ሞለኪውል ለይተው አወጡትና ቮሊሲቲን አሉት። አሠራሩ ያስቃል። ግማሹ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው፤ እሱን ትሉ ከቅጠሉ ነው ያገኘው። ሌላው ግማሽ ግሉታሚን ነው፤ እሱን ትሉ ራሱ ጨመረበት። ሁለቱ ሲጣበቁ የሌባው አሻራ ሆኑ ማለት ነው። በቆሎው በአሻራው ያውቀዋል።

ካውፒ የሚባለው የጥራጥሬ ዓይነትና ቦሎቄ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚያውቁት። ትሉ ቅጠል ሲበላ ክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሴል ክፍል) ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ሆዱ ውስጥ ይቆራረጣል፤ ከቁርጥራጮቹ አንዱ 11 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በለው) ብቻ ያለው ነው፤ ትሉ መብላቱን ሲቀጥል ያ ቁራጭ ከአፉ ፈሳሽ ጋር ተመልሶ ቁስሉ ላይ ይፈሳል። ተክሉ «ይህ የራሴ ነው፣ ግን ማነው የከተፈው?» እንደማለት ነው። ኢንሴፕቲን የተባለው ይህ ቁራጭ በ2006 ታወቀ። በሴሉ ቆዳ ላይ ተቀምጦ የሚቀበለው ፕሮቲን ደግሞ በ2020 ተገኘ። ልብ በል፣ በመሃሉ 14 ዓመት አለ። በዚህ ሙያ ቁልፉን አግኝቶ በሩን መፈለግ እንዲህ ዕድሜ ይበላል።

አሁን ወደ ነርቩ። በእኛ አንጎል ውስጥ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች ዋነኛው ግሉታሜት ነው። በ2018 በዊስኮንሲን የሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ አራቢዶፕሲስ የምትባለውን የሰናፍጭ ወገን የሆነች ትንሽ አረም ወሰደ። ሴሎቿ ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር እንድታበራ ጂን አስገቡባት። ከዚያ አባጨጓሬ ለቀቁባት። ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፤ እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ትሉ አንዱን ቅጠል ቀንጠስ ሲያደርግ ብርሃን ከዚያ ይነሳና በግንዱ በኩል ዞሮ ወደ ሌሎቹ ቅጠሎች ይጓዛል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። መነሻው ምንድን ነው ካልክ፣ የተጎዳው ሴል ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው ግሉታሜት ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ጎረቤት ሴሎች ላይ ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል፤ በር ይከፈታል፣ ካልሲየም ይገባል። እነዚያ ተቀባዮች በእንስሳ ነርቭ ውስጥ ካሉት ጋር የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ከዚያ በፊት በ2013 ከስዊዘርላንድ፣ ከላውዛን የመጣ ሥራ በእነዚሁ ጂኖች አማካይነት የኤሌክትሪክ ምልክት ከቅጠል ቅጠል እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ነርቭ የለውም ያልከው ልክ ነው። ነርቭ የሚሠራበት ዕቃ ግን በከፊል አለው። ያመዋል ወይ ለሚለው እኔ አያመውም ባይ ነኝ፤ ሕመም የሚሰማው አካል የለምና።

ምልክቱ ደረሰ እንበል። ከዚያስ? ከዚያ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይመጣል። ስሙ ከጃስሚን አበባ ነው የወጣው፤ የሆርሞኑ አንድ መልክ በ1962 መጀመሪያ የተገኘው ከጃስሚን ሽቶ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ነው። የእኛ ጠምበለል የጃስሚን ወገን ናት። የሚሠራው ደግሞ ቅድም ካነሳሁት ከሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ያው ቅባት ለሌባውም ለባለቤቱም ያገለግላል። ከክሎሮፕላስቱ ሽፋን ላይ ተቆርጦ ይወጣና ደረጃ በደረጃ ተለውጦ በመጨረሻ አይሶሉሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ሲጋባ የሚሠራ ሆርሞን ይሆናል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሆርሞኑ የሚያደርገው ነገር ግን ቀጥታ መርዝ መሥራት አይደለም። ጂኖቹን ዘግቶ የያዘውን ዘበኛ ነው ከቦታው የሚያስወግደው። በሰላሙ ጊዜ የመከላከያ ጂኖችን የሚያስነሳው ፕሮቲን ላይ ጃዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ቁጢጥ ብለው አፉን ይዘውታል። ሙዚቃው አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው። ሆርሞኑ ሲመጣ ጃዝንና ኮአይ1 የሚባለውን ፕሮቲን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ኮአይ1 ያለበት ማሽን ጃዝ ላይ «ይጣል» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል፤ የሴሉ ቆሻሻ ፈጪ ወስዶ ይከትፈዋል። ዘበኛው ሲወገድ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጂኖች ባንዴ ይነሳሉ። ጃዝ እስከ 2007 ድረስ አይታወቅም ነበር። እኛ የቀድሞዎቹ መማሪያ መጻሕፍት ላይ ያየነው ሥዕል እዚህ ጋ የጥያቄ ምልክት ነበረበት።

ከተነሡት ጂኖች ብዙዎቹ የትሉን ሆድ ዒላማ ያደርጋሉ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1972 ነው። ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላረንስ ራያንና ባልደረባው የድንችና የቲማቲም ቅጠል በጥንዚዛ ሲበላ ያልተበሉት ቅጠሎች ጭምር አንድ ፕሮቲን እንደሚያጠራቅሙ አሳዩ። ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ያሉትን ፈጪ ኢንዛይሞች፣ እነ ትሪፕሲንን፣ አፋቸውን ገብቶ ይዘጋል። ትሉ ይበላል፣ ሆዱ ይሞላል፣ ግን አይፈጭለትም። ጠግቦ ይራባል። አይሞትም ብዙ ጊዜ፤ ዕድገቱ ይጓተታል፣ ሲጓተት ደግሞ ወፍና ተርብ ያገኙታል። እነዚሁ ሰዎች ቆየት ብለው በ1991 ምልክቱን የሚያስተላልፈውን 18 አሚኖ አሲድ ያለውን ሲስተሚን አገኙ። በተክል ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው የፔፕታይድ (የአጭር አሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ሆርሞን እሱ ነው። ከዚያ በፊት «ኢንሱሊን ዓይነት ነገር ተክል ውስጥ የለም» ይባል ነበር።

የምወደው መሣሪያ ግን ቦምቡ ነው። እሱን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግህም፤ ሰናፍጭ ይበቃል። ደረቅ የሰናፍጭ ዱቄት ወስደህ አሽትተው። ምንም የለም፣ ቢበዛ የዘይት ሽታ። በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰህ ጥቂት ጠብቅ። አፍንጫህን ይዞ ያስለቅስሃል። በፈላ ውሃ ብትለውሰው ግን አይመታም፤ እናትህ ይህን ያውቁታል። ምክንያቱ ሰናፍጩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። አንዱ ሲኒግሪን የሚባል፣ ስኳር የተለጠፈበት፣ ብቻውን ሰላማዊ የሆነ ሞለኪውል ነው። ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በተለያየ ሴል ነው የሚቀመጡት። ትል ሲያኝከው ወይም ሰው ሲፈጨውና ውሃ ሲያገኝ ይገናኛሉ፤ ኢንዛይሙ ስኳሩን ይቆርጠዋል፤ የቀረው ራሱን ይለውጥና የሚያቃጥለው ዘይት ይሆናል። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ለዚህ ነው የማይመታው። የሐበሻ ጎመንህም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያው ሲኒግሪን አለ።

በቆሎም በዚሁ ዘዴ ይሠራል፣ መርዙ ሌላ ነው እንጂ። ዲምቦአ ይባላል። በሴሉ ውስጥ ቫኪዩል በሚባለው ጓዳ ስኳር ተለጥፎበት ይቀመጣል። ስኳሩን የሚቆርጠው ኢንዛይም ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲታኘክ ግድግዳው ይፈርስና ይገናኛሉ። ችግኝ በቆሎ በዲምቦአ የተሞላ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ይቀንሳል።

ማሽላም አለ። የእሱ ዱሪን ይባላል፣ ሲፈነዳ የሚወጣው ሳያናይድ ነው። አዎ፣ ያው የምታውቀው ሳያናይድ። ዝናብ ሲቋረጥ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ማሽላ የበላ ከብት ሲሞት የሚሰማው ለዚህ ነው። ማሽላው ላሚቱን ጠልቷት አይደለም፤ አኛኪ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው።

አንተ ከጅማ ስለሆንክ ቡናን ሳልጠራ ባልፍ ትታዘበኛለህ። ካፌን ለእኛ ንቃት የተሠራ አይደለም። የነፍሳትን የሴል ምልክት የሚያዛባ መርዝ ነው፤ ቡና፣ ሻይና ካካዎ እየራሳቸው ለየብቻ ነው የፈጠሩት። ይህም በ2014 የቡና ጂኖም (የጂኖቹ ሙሉ ዝርዝር) ሲነበብ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ግን የቡና ፍሬ በስታ የምትኖረው ትንሿ ጥንዚዛ ምንም አትሆንም። ሆዷ ውስጥ ካፌን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች አሏት። በ2015 ባክቴሪያዎቹን በመድኃኒት ሲገድሉባት ካፌኑ ሳይፈርስ በሆዷ ማለፍ ጀመረ፣ የምትጥለውም እንቁላል እጅግ ቀነሰ። ይህን ያዝልኝ፣ ወደ በቆሎህ ስመለስ ይጠቅመናል።

ከዚያ በፊት ስለ ሽታ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔን ራሴን ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ የቲማቲም ችግኞችን በትል አስበልቼ ከወራት በፊት ያቀድኩትን መለኪያ ልወስድ ነው። ያልተበሉት ማነጻጸሪያዎች ነበሩኝ። ቦታ ጠቦኝ እዚያው ክፍል፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ውጤቱ ሲወጣ ያልተነኩት ችግኞች የተበሉ ይመስላሉ። ቱቦ ተቀላቀለብኝ ብዬ ደገምኩት፣ ያው ሆነ። ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ተጣልቼ ነው አንድ የክፍል ጓደኛዬ «በአየር ነው እኮ የሚያወሩት» ያለኝ። አንብቤው ነበር፤ ራሴ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ቅድም የጠራሁት ራያንና ባልደረባው ፋርመር በ1990 የጭቁኝ ዘመድ የሆነ የአሜሪካ ቁጥቋጦ ከቲማቲም ጋር አንድ ብልቃጥ ውስጥ ዘግተው፣ ቲማቲሙ ሳይነካ መከላከያ ፕሮቲን እንደሠራ አሳይተዋል። ከቁጥቋጦው የሚተነው ሜቲል ጃስሞኔት (ከጃስሚን ሽቶ ዘይት የተገኘው ያ የሆርሞኑ መልክ) ነበር ምልክቱ።

ሳር ሲታጨድ የሚሸትህ ሽታ፣ ያ ደስ የሚለው፣ እሱም የቁስል ሽታ ነው። ከቅጠሉ ቅባት ተቆርጠው የሚተኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። አጠገቡ ያለ በቆሎ ያን ሲያሸት ወዲያው መርዝ አያመርትም፤ ጓዙን ያሰናዳል፤ ትሉ ሲመጣ ምላሹ ይፈጥናል፣ ይበረታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል ለበቆሎ ቃል በቃል ይሠራል።

ሽታው ግን ጎረቤት ብቻ አይደለም የሚሰማው። በ1990 ተርሊንግስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በትል የተበላ በቆሎ የሚያወጣው ሽታ ጥገኛ ተርቦችን እንደሚጠራ አሳዩ። ሰው የምትነድፈው ትልቋ ተርብ አይደለችም፤ ከጉንዳን ያነሰች፣ ለሰው የማትታወቅ ናት። ሽታውን ተከትላ ትመጣና ትሉ ሆድ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ልጇ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይወጣል። ተክሉ እሾህን በእሾህ ያወጣል ማለት ነው። ሥሩም እንዲሁ ያደርጋል፦ ሥር የሚበላ ትል ሲመጣበት ካርዮፊሊን የሚባል ሽታ አፈር ውስጥ ይለቅና ኔማቶድ የሚባሉ፣ ክር የመሰሉና ትሉን የሚገድሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ይጠራል። በ2005 የታተመ ሥራ ታዲያ አንድ የሚያሳዝን ነገር አገኘ። ከሰሜን አሜሪካ የተሻሻሉ ብዙ ዝርያዎች ይህን ሽታ ማውጣት አቁመዋል። ለምርት ሲመረጡ ማንም ስላላየው በመንገድ ወድቆ ቀረ። ማዳቀያ ማሳ ላይ ሽታ የሚለካ ማን አለ?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትጥቅ እያለው ለምን ይበላል ወዳልከው ደርሰናል።

ያንተ ትል በትክክል የአሜሪካ ተምች ከሆነ (እንዴት እንደምትለየው መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ) ከበቆሎ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው። በቆሎ ከሜክሲኮ ነው የመጣው። ወደ እኛ ሲመጣ ይህን ጠላቱን እዚያው ጥሎት ነው የመጣው፣ ለዘመናትም ሳያገኘው ኖረ። በ2016 ትሉ አፍሪካ ገባ፣ በ2017 ኢትዮጵያ ደረሰ። አዲስ የሆነው ለእኛ ነው፤ ለበቆሎው የድሮ ባላንጣው ነው። ትሉም የበቆሎን ጓዳ ጠንቅቆ ያውቃል።

አንደኛ፣ ቦምቡን ያከሽፋል። ዲምቦአ ሆዱ ውስጥ ሲፈነዳበት የራሱ ኢንዛይም ስኳር መልሶ ይለጥፍበታል። ይህማ ቀላል ነው፣ የተክሉ ኢንዛይምም አብሮ ስለተዋጠ እንደገና ይቆርጠዋል ትል ይሆናል። ትሉ ግን ነቄ ነው። ስኳሩን ገልብጦ ነው የሚለጥፈው። የቀኝ እግር ጫማን ግራ እግር ላይ እንደማጥለቅ አስበው፦ ያው ጫማ ነው፣ ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። የተክሉ ኢንዛይም የሚያውቀው የቀድሞውን አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ መቁረጥ ያቅተዋል። መርዙ ዳግም ሳይፈነዳ ከኩሱ ጋር ይወጣል። ይህ በ2014 ሲታተም አንብቤ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ሁለተኛ፣ በኩሱ ይሸውደዋል። በቆሎው መሃል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ሰጋቱራ የሚመስል እርጥብ ነገር አይተሃል አይደል? ያ የትሉ ኩስ ነው። ውስጡ ኪቲኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ የገዛ የበቆሎው ፕሮቲኖች ናቸው፣ ትሉ በልቷቸው ሳይፈጩ የወጡ። ኩሱ ቁስሉ ላይ ሲያርፍ በቆሎው በሻጋታ የተጠቃ ይመስለዋል። ለሻጋታና ለበሽታ የሚነሳው ሌላ መስመር ነው፣ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለው፤ የአስፕሪን ዘመድ ነው። ችግሩ ሁለቱ መስመሮች ብዙ ጊዜ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይጫናል። ስለዚህ በቆሎው ለሻጋታ ሲዘጋጅ የጃስሞኒክ አሲዱን ይተዋል። ሌባ ገብቶ «እሳት!» ብሎ ጮኾ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ ሳጥኑን ይዞ እንደሚወጣው ነው። ይህን በሌላ መንገድ የሚያደርግም አለ፦ የድንቹ ጥንዚዛ ከአፏ ባክቴሪያ ቁስሉ ላይ ትተፋለች፣ ተክሉ ከባክቴሪያ ጋር ሲዋጋ እሷ ትበላለች።

ሦስተኛ፣ ድምፁን ይቀንሰዋል። የአሜሪካ ተምች የበላው በቆሎ ከሌሎች የተምች ዘመዶቹ ከበሉት ጋር ሲነጻጸር የሚያወጣው ሽታ ያንሳል። ተርቧን የሚጠራው ጩኸት ታፈነ ማለት ነው። ታፈነ እንጂ አልጠፋም፤ ይህን ልዩነት አስታውሰው።

ጎመንህ ላይ ያለው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ጎመን የሚበሳው ትንሽ አረንጓዴ ትል ዳይመንድ ባክ የሚባለው የእሳት እራት ልጅ ከሆነ፣ ሰናፍጩ ከመፈንዳቱ በፊት ሞለኪውሉ ላይ ያለውን አንድ ሰልፌት ይነቅልና ማይሮሲኔዝ የሚይዝበትን እጀታ ያሳጣዋል። ፊውዙን ነቀለው በለው። ይባስ ብሎ እናቱ የእሳት እራት እንቁላል የምትጥልበትን ጎመን የምታገኘው በዚያው በሚያቃጥለው ሽታ ነው። የጎመን ክሽክሽ ደግሞ የጎመኑን መርዝ ሰብስቦ ራሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ የራሱ የሆነ ማይሮሲኔዝም አለው። የሚበላው ነፍሳት ሲጨፈልቀው ሰናፍጭ ይፈነዳበታል። የጎመኑን ቦምብ ሰርቆ ታጠቀው።

«ታዲያ ተክሉ ለምን ሁልጊዜ ሙሉ ትጥቅ አይለብስም?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ መምጣቱ አይቀርም። ዋጋው ውድ ስለሆነ ነው። ቅድም ያልኩህ ዘበኛ ጃዝ አራቢዶፕሲስ ውስጥ 13 ዓይነት ነው። ተመራማሪዎች 10ሩን አጥፍተው አዩ። ተክሏ በትል ፊት የማትነካ ሆነች፤ ግን ቀጨጨች፣ ዘሯም ቀነሰ። በቆሎህ ያን ቢያደርግ አመድ የሚነሰንስለት ሰው አያስፈልገውም ነበር፣ እሸት ግን አትበላም። አንዳንዱ ድርጅት «የተክልን በሽታ መከላከያ የሚቀሰቅስ» እያለ የሚሸጠውን ብልቃጥ ስታይ ይህን አስብ። አንዳንዱ ይሠራል። በነፃ የሚሠራ ግን የለም፤ ሂሳቡ ከምርትህ ላይ ነው የሚቆረጠው።

አሁን ጓሮህ። የእናትህን አመድ አልንቅም። ትሉ ገና ክር የሚያህል ሳለ መሃሉ ላይ የገባ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ያውከዋል። ከጎለመሰና ኩሱን ከላዩ እንደ ክዳን ከደፈነ በኋላ ግን አመዱም፣ ገዝተህ የምትረጨው መድኃኒትም በቀላሉ አይደርሰውም። ስለዚህ ጉዳዩ የጊዜ ነው። ችግኙ ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጠህ እይ። እንቁላሉ በአንድ ላይ ተከምሮ ጸጉር የለበሰ ይመስላል፤ በጣትህ ጨፍልቀው። ለጓሮ የሚሆን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ዩሪያ አታብዛ። ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለስላሳና ፕሮቲን የሞላበት ነው፤ በተለይ ክሽክሽ ይህን ይወዳል። ቦታ ካለህ በበቆሎው መሃል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ ዙሪያውን ደግሞ ብራኪያሪያ የሚባል ሳር ወይም የዝሆን ሳር መትከል ከኬንያ ተነስቶ እኛም ጋ የገባ ዘዴ ነው። የተጀመረው ለአገዳ ቆርቁር ነበር፤ አቀንጭራንም ይቀንሳል፣ ለላምህም መኖ ነው። የዴስሞዲየም ሽታ እውነት ትሉን ያባርራል ወይስ ሌላ ምክንያት አለ የሚለው ላይ ግን ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ሁሉን ገዳይ መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩል፤ ለዚህ የራሴ ምክንያት አለኝ። ትሉ ኢትዮጵያ በገባ በዓመቱ ገደማ ተመራማሪዎች ከማሳ ትል ሰብስበው ሲያሳድጉ ኮቴሲያ ከምትባል ወገን የሆነች ጥገኛ ተርብ በአንዳንድ ቦታ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ውስጥ ተገኘች። ከውጭ ያመጣት ሰው የለም። እዚሁ የነበረች ናት፤ ሌላ ትል ስታድን ኖራ አዲሱን ለመደችው። በቆሎው ድምፁ ታፍኖም ቢሆን ጠርቷታል። መድኃኒቱን ስትረጭ ትሉ በኩሱ ክዳን ሥር ተደብቆ ይተርፋል፣ ሜዳ ላይ የምትበረው እሷ ናት ቀድማ የምትሞተው።

ቃል የገባሁልህ መለያ ይኸው። የአሜሪካ ተምች ግንባሩ ላይ የእንግሊዝኛው ዋይ ፊደል የተገለበጠ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው። ከጅራቱ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ታገኛለህ። እሱን ካየህ ጨፍልቀው። ፈዞ የተቀመጠ፣ መብላት ያቆመ ትል፣ አጠገቡም ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጭ ጥቅል ካየህ ግን ሁለቱንም እንዳሉ ተዋቸው። ትሉ አልቆለታል፤ ጥቅሏ ውስጥ ያለችው ተርቧ ናት።